ስድስት ቀዳዳና አምስት ብሎን

ለጤና መምሪያችን ክቡር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ራስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? በተለይ የግራ ትከሻዎ እንዴት ሆነልዎ? ሰማዩ ጠቆር ሲል ይጠዘጥዝዎት እንደነበር ስለማስታውስ፣ ሰሞኑንም ሰማዩ መጥቆር ስለጀመረ፣ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ ደህና ነን። ፒክአፑም ደህና ነው። ተጎታቹ ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልዎም ስለ እርሱ ነው።

በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ በመምሪያው ጋራዥ ግቢ፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የመኪና ሸራ የምሰፋው ሴት ነኝ። ባለቤቴ የተንቀሳቃሽ ክሊኒኩ ሾፌር ነው። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ክር ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ቁራጭ ጋዜጣ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገሬ ጫፉ የተቆረጠ ቢመስልዎ ጋዜጣው እዚያ ላይ ስላለቀ ነው ብለው ይለፉልኝ። ደብዳቤዬን ለሁሉ የሚነበብ ያደረግሁትም ለእርስዎ ድካም በማሰብ ነው። ቀደም ሲል አሽጌ የላክኋቸው በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ስለከረሙ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈት አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ ይህኛው ተከፍቶ እንዲደርስዎ አደረግሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። መምሪያችን ወደ ወንዝ ማዶ መንደሮች የሚልከው ክሊኒክ አለው። ክሊኒኩ በሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ክፍል ሲሆን፣ ውስጡ የማዋለጃ አልጋ፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ፣ የውኃ በርሜልና የአዋላጇ ነርስ ወንበር አለበት። በራሱ አይሄድም፤ ፒክአፕ ይጎትተዋል። መንገዱም መንገድ የሚባለው ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ በድንጋይና በጭቃ መካከል መኪና ባለፈ ቁጥር እየጠለቀ የሚሄድ ሁለት የጎማ ቦይ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ ተጎታች መልክ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ነጭ ነገር በግቢያችን ገብቶ አያውቅም። የርክክቡ ዕለት ሪባን ታስሮለት፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ድምፅ ማጉያው እየፎጨ፣ ሁላችንም ንጹሕ ልብሳችንን ለብሰን ቆመን ነበር። ፒክአፑ ከጭቃ ተለይቶ ስለማያውቅ ለፎቶ እንደማይሆን ገና ከወራት በፊት ታስቦበት፣ ተጎታቹን እየጎተተች በመድረኩ ፊት የምታልፈው የክቡርነትዎ የከተማ መኪና እንድትሆን በመርሐ ግብሩ ላይ ተጽፎ ነበር። ጠዋት ላይ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ እቺን ነገር ከጋራዡ ኋላ አርጋት እስቲ፣ ዛሬ ካሜራ አለ» አለው። ባለቤቴም ፒክአፑን፣ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር እንደሚገፋ ያደፈ ልብስ፣ ከጋራዡ ኋላ ወስዶ አቆመው። መኪናዎ ተጎታቹን አስከትላ ቀስ ብላ ስታልፍ ሁላችንም አጨበጨብን። ፎቶው እስከ ዛሬ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ አለ። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ በእውነት ያምራል።

ሁለተኛ፣ ስለ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። ይህን ስል አላሾፍም። እንደተሾሙ ካወጧቸው መመሪያዎች አንዱ፣ የማንኛውም ተጎታች ጎማና ቸርኬ ከሚጎትተው መኪና ጎማና ቸርኬ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን ይላል። በዚያ መሥሪያ ቤት ከዚህ የተሻለ መመሪያ ወጥቶ አያውቅም። የጎማው ቁመት አንድ ከሆነ መኪናው የተሻገረውን ጉድጓድ ተጎታቹም ይሻገረዋል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት አንድ ከሆነ ተጎታቹ መኪናው ባወጣው ቦይ እንደ ጥላ ይከተላል። የጎማው ማረፊያ ብረት የሆነው የቸርኬው የብሎን ቀዳዳ ቁጥርና አቀማመጥ አንድ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ጎማ ለሌላው ይሆናል፤ መኪናው የያዘው አንድ ስኮርታ፣ ማለትም ትርፍ ጎማ፣ ለሁሉም ይበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው በግቢያችን የለም። ግዢ ክፍሉ ያውቃል፤ ዘበኛው ያውቃል፤ ሻይ የምታፈላልን ልጅ ሳትቀር ታውቃለች።

ተጎታቹን እንድትሠራ የታዘዘችው መሐንዲስም ስለምታውቅ፣ ተጎታቹ ከመሠራቱ በፊት ጎታቹ መኪና የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ጠየቀች። በርክክቡ መርሐ ግብር ላይ የተጠቀሰው ነው የሚል መልስ ከላይ ወረደላት። መርሐ ግብሩን ገልጣ ብታይ የክቡርነትዎን መኪና አገኘች። ተሳስተው ይሆናል ብላ ደግማ ስትጠይቅ፣ «እህቴ፣ መመሪያውን አላነበብሽውም እንዴ?» ተባለች። አንብባዋለች። ስለዚህ ተጎታቹ ከጎታቹ ጋር ተመሳሰለ። ለአስፋልት የተሠራ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጎኑ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሳሳ፣ ቸርኬው የሚያብረቀርቅ፣ አምስት ቀዳዳ ያለው ጎማ ተገጠመለት። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋትም በከተማ መኪና ልክ ጠበበ። የፒክአፑ ቸርኬ ስድስት ቀዳዳ ነው። የሰፈራችን ጎሚስታ ተጎታቹን ዞር ብሎ አይቶ፣ በእግሩ ጎማውን ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ሻይ ቤት ድረስ ያደርስሃል» አለው ለባለቤቴ። ባለቤቴ አልሳቀም።

ከርክክቡ ማግሥት መኪናዎ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ፒክአፑም ከተደበቀበት ወጥቶ ተጎታቹን ይዞ ወደ ወንዝ ማዶ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተጎታቹ አንድ እግሩ ቦይ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ጉብታ ላይ ሆኖ፣ መንገዱን ሁሉ ተንጋዶ ነው የሚሄደው። ማቀዝቀዣው ከአልጋው ጋር፣ አልጋው ከበርሜሉ ጋር ይጋጫል። አዋላጇ ነርስ ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለስ ወገቧን ይዛ ክፍሌ ገባችና፣ «እትዬ፣ እኔንስ ማን ያዋልደኝ?» ብላ ሳቀች። ያን ቀን አብረን ሳቅን።

ሦስተኛ፣ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። የሁለቱ ጎማ አንድ ከሆነ ለተጎታቹ የብቻው ስኮርታ መግዛት ብክነት ነው ተብሎ ከግዢው ተሰረዘ። ይህም በመመሪያው መሠረት ትክክል ነው፤ የጎታቹ አለና። እነሆ፣ በዙሪያችን ባለው አገር ሁሉ ለክሊኒካችን የሚገጥም አንድ ትርፍ ጎማ አለ። እርሱም በክቡርነትዎ መኪና የኋላ ሻንጣ ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ መሬት ሳይነካ ከነላስቲኩ ተኝቷል።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለጥቂት ላቋርጥና ስለ አሮጌው ተጎታች እንዳነሳ ይፍቀዱልኝ።

ክቡርነትዎ ገና ክቡርነትዎ ሳይባሉ፣ ጠጉርዎ ሙሉ፣ ሸሚዝዎ አንድ ብቻ የሆነ ወጣት የጤና ሠራተኛ ሳሉ፣ ከባለቤቴ ጋር ያንን መንገድ ትመላለሱ ነበር። ያኔ ክሊኒክ የሚባል አልነበረም። ከተሰበረ ፒክአፕ የኋላ አክስል፣ ሁለቱን ጎማ የሚይዘውን ብረት፣ አውጥታችሁ፣ ከጋራዡ በያጅ ጋር ሆናችሁ የብረት ሳጥን የጫናችሁበት፣ እኔም ሸራ የሰፋሁለት አንድ ነገር ነበር፤ ዝናብ ሲመታው የሚወራው አይሰማም። መልክ አልነበረውም። ነገር ግን አክስሉ የፒክአፕ ስለሆነ ስፋቱም የፒክአፕ፣ ቁመቱም የፒክአፕ፣ ቸርኬውም ባለ ስድስት ቀዳዳ ነበር። ይህን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ባለቤቴ ጎማ ጎማ ነው፣ በእጃችን ያለውን እንግጠም ብሎ ሲቸኩል፣ እርስዎ በዘይት የተነከረ እጅዎን ደረቱ ላይ አድርገው፣ «ስማኝ ወንድሜ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ስትቆም ጎሚስታ የለም። ያለህ የያዝከው ነው። የያዝከው ደግሞ ካልገጠመ አልያዝከውም ማለት ነው» አሉት። እኔ ስለ ጎማ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት የዚያን ዕለት፣ ሸራ ልለካ ጥግ ይዤ ቆሜ፣ ከእርስዎ አፍ ነው። ጨምሬበት አላውቅም፤ የቀነስኩለትም የለም።

ብዙ ሳይቆይ እኔ ወንዝ ማዶ እናቴ ቤት ሆኜ በመጀመሪያ ልጄ ምጥ ያዘኝ፤ አልወለድ አለኝ። እርስዎና ባለቤቴ መጥታችሁ በዚያ ሸራ ሥር አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ይዛችሁኝ ስትወጡ፣ ቀይ አፈሩ ዳገት ላይ የተጎታቹ ጎማ ፈነዳ። ዝናቡ ይወርዳል። መኪና የሚያነሳው ክሪክ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ፤ ድንጋይ ቢያደርጉለት ድንጋዩም አብሮ ሰጠመ። ከእርሻ የሮጡ ሁለት ገበሬዎች ተጎታቹን በግንድ ሲፈነቅሉት፣ እርስዎ ከሥሩ ገብተው በግራ ትከሻዎ ደገፉት። የሻንሲው ብሎን ሸሚዝዎን ቀዶ ሥጋዎ ውስጥ ሲገባ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ሲያቃስቱ ሰማሁ፤ ግን አልለቀቁም። ባለቤቴ የፒክአፑን ስኮርታ አምጥቶ ገጠመው፤ ስድስቱም ገቡ። የመጨረሻው የብሎን ዳዶ እንደጠበቀ ልጄ መጣች። በአንድ እጅዎ ደምዎን ይዘው፣ በሌላው እጅዎ ልጄን ተቀበሏት። በጭቃ መካከል ስለመጣች «ጭቅዬ» ብለው የጠሯት እርስዎ ነዎት፤ እስከ ዛሬም የምትጠራበት በዚህ ስም ነው። እርስዎንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ «ክሪኩ» ይልዎት ነበር። አሁንም የሚልዎ አለ፤ በስብሰባ ላይ ስላልሆነ አይሰሙትም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አራተኛ፣ ስለ ሰላምታዎ አመሰግናለሁ። ጭቅዬ አድጋ ወንዝ ማዶ ላለ አስተማሪ ተድራለች። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ምጥ እንደያዛትና ደም እንደሚፈሳት ተደወለልን። ባለቤቴ ተጎታቹን አያይዞ ነርሷን ይዞ ወጣ። ያው ቀይ አፈሩ ዳገት ላይ ሲደርሱ፣ ጉብታው ላይ የሚሄደው የተጎታቹ ጎማ ስለታም ድንጋይ አገኘውና ጎኑ ተቀደደ። ተጎታቹ ተንሸራቶ የፒክአፑን ኋላ ወደ ቦዩ ሳበው፤ የተያያዙበት መንጠቆ ተጣሞ ስለነከሰ መኪናውን ከተጎታቹ ማላቀቅም አልተቻለም። ባለቤቴ የፒክአፑን ስኮርታ አወረደ። እንደማይገባ ያውቃል። ቢሆንም ተሸክሞ አምጥቶ፣ ስድስቱን ቀዳዳ በአምስቱ ብሎን ፊት ይዞ፣ ዝናቡ እየመታው ቆመ። ነርሷ እንደነገረችኝ አዙሮ ሞከረው፤ ደግሞ አዙሮ ሞከረው፤ ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጦት ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጣ።

ለእኔ ነው የደወለው። «የሚገባው እሱ መኪና ውስጥ ያለው ነው» አለኝና ዘጋ። ሌላ አላለኝም፤ ሌላም አያስፈልግም ነበር።

መኪናዎ በቢሮዎ መስኮት ሥር ቆማለች። የመምሪያው ሞተረኛ ነገሩን እንደሰማ ጎማውን ከኋላው አስሮ ሊወስድ ሞተሩን አስነስቶ አጠገቤ ቆመ። ዘበኛው፣ «አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ቆቡን አውልቆ ገባ። ስለ እናቶች ጤና ስብሰባ ላይ እንደነበሩ፣ የሻንጣው ቁልፍ በኪስዎ እንደሆነ፣ ቃሉ በጸሐፊዎ በኩል እንደደረሰዎና ከስብሰባው በኋላ እንዳሉ ይዞልኝ ወጣ። እኔም እጄን ሻንጣው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ከብረቱ ሥር ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ሥር ጎማው እንዳለ አውቃለሁ።

በዚህ መካከል መጋረጃው ተከፈተና እርስዎ ብቅ አሉ። አዩኝ። እጅዎን አንስተው፣ እንደ ድሮው ጥርስዎን ሁሉ አሳይተው ሰላም አሉኝ። እኔም ከልማድ የተነሣ ጎንበስ አልኩ። ሰላምታው ከልብ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ስለዚህም ነው የማመሰግነው። መጋረጃው ተዘጋ። በኋላ ከእንግዶችዎ ጋር ወጥተው መኪናዎ ውስጥ ሲገቡ፣ «ክቡርነትዎ፣ ጎማው» ብዬ ስጀምር መስታወቱ ወደ ላይ ወጣ፤ በመስታወቱ ውስጥም ደግመው ሰላም አሉኝ። ወደ ሌላ ስብሰባ ዘግይተው ነበር። መኪናዋ ከእጄ ሥር ተነሥታ ሄደች። ሞተረኛው ሞተሩን አጠፋ።

ነርሷ ቦርሳዋን፣ ባለቤቴ ፋሻና መድኃኒቱን ተሸክመው በእግራቸው ሄዱ። ሲደርሱ አመሻሽ ሆኗል። ጭቅዬን አተረፏት። ልጁ ወንድ ነበር። ነርሷ ትንሽ እንደተነፈሰ ነግራኛለች፤ እኔን ለማጽናናት ይሁን እውነት ይሁን አልጠየቅኋትም። ስም ሳይወጣለት ተቀበረ።

አምስተኛ፣ ማኅተም ያለበትን የሐዘን መግለጫዎን ተቀብያለሁ። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ነው። መጽናናትን ከተመኙልን በኋላ፣ ተጎታቹ ተመርምሮ በመመሪያው መሠረት የተሟላ ሆኖ መገኘቱን ጽፈውልናል። ይህንንም አልክድም። ከዚያ ወዲህም መምሪያው ዝም አላለም፤ ለተቀደደው ጎማ ያው ዓይነት አዲስ ጎማ ተገዝቶለታል፤ የተፋቀው ቀለምም ታድሷል።

ባለቤቴ አሁንም ሾፌርዎ ነው። ድሮም ብዙ አያወራም፤ አሁን ግን ጨርሶ ትቶታል። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል፣ ከኪሱ አንድ ዳዶ አውጥቶ በጣቱ መካከል ያዞረዋል። ምግብ ሳቀርብ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። ስንበላ ስለ ጎማ አናነሳም። እሑድ እሑድ ብቻውን ወደ ከተማው ዳር ይሄድና መንገዱ ላይ ቆሞ የመኪናና የተጎታች ዱካ ያያል። አንድ ቀን ተከትዬው ሄጄ ምን ታያለህ ብዬ ስጠይቀው፣ «እያቸው፣ አይገናኙም እኮ» አለኝ።

ስድስተኛ ምስጋናዬ በጋራዡ በር ላይ ስለተለጠፈው የሐራጅ ማስታወቂያ ነው፤ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ስለሆነ ቆሜ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ከሚሸጡት ቁርጥራጭ ብረቶች መካከል፣ «ለየትኛውም የመምሪያው ተሽከርካሪ የማይገጥም አሮጌ አክስል ከነጎማው» ይላል። ያ የእርስዎ አክስል ነው። ከጋራዡ ኋላ፣ በርክክቡ ቀን ፒክአፑ ተደብቆበት በነበረው ቦታ፣ እኔ ባለበስኩት ሸራ ሥር ነው ያለው። በየዓመቱ ሸራውን እለውጥለታለሁ፤ ባለቤቴም ግሪስ ይቀባዋል፤ ማንም አላዘዘንም። ለየትኛውም የማይገጥም መባሉን ግን እንደ ስህተት እንድቆጥር ይፍቀዱልኝ። ለፒክአፑ ይገጥማል። ሌላው ቢቀር በግራ ትከሻዎ ላይ ላለው ጠባሳ ይገጥማል።

ልመናዬ እነሆ። ጭቅዬ ደግማ አርግዛለች። ቀኗ ክረምቱ እኩሌታ ላይ ነው። ወደ ከተማ እንዳናመጣት ሐኪሙ ካልጋ እንዳትወርድ አዟታል፤ በዚያ መንገድ ብትናጥ ሁለቱንም እናጣለን ብሏል። ስለዚህ እርሷ መምጣት አትችልም፤ ክሊኒኩ ወደ እርሷ መሄድ አለበት። ጎሚስታው፣ በያጁና ባለቤቴ አክስሉን በገመድ ለክተውታል። ከአዲሱ ተጎታች ሥር የከተማውን አክስል አውጥተው አሮጌውን ለመግጠም አንድ ቀን ይበቃናል ብለዋል። ወጪ የለውም፤ በያጁ ጭቅዬን ሕፃን ሳለች ያዘላት ሰው ነው፣ ስለ ድካሙ ማንም እንዳያነሳበት አስጠንቅቆናል። የሚያስፈልገን አክስሉ ከሐራጁ እንዲወጣና እሺ እንዲሉን ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ውበት ይቀንሳል፤ ቁመቱ ከፍ ይላል፣ ጎማው ጥቁርና ወፍራም ይሆናል፣ የሚያብረቀርቀው ቸርኬም ይቀራል። ለዚህ ቅር እንዳይልዎ እለምናለሁ። ፎቶው እንደሆነ ተሰቅሏል፤ ማንም አያወርደውም።

ይህ የማይሆን ከሆነ፣ እሺ ለማለትም ኮሚቴ መቀመጥ ካለበት፣ ኮሚቴው እስኪቀመጥ ድረስ የሻንጣዎን ቁልፍ ከዘበኛው ዘንድ ቢተዉልን። ክረምቱ ሲያልፍ እንመልሳለን። ሞተረኛውም እሺ ብሎኛል።

ብዙ ጻፍኩብዎ። ስፌቱ ላይ ስሆን አፌ ዝም ስለሚል፣ እጄ ቃል አጠራቅሞ ኖሯል መሰለኝ። ካስቀየምኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ካላስቀየምኩዎ ደግሞ ደግመው እንዲያነቡት እጠይቃለሁ።

ትከሻዎን ብርድ እንዳያገኘው፣ መንገድዎ ሁሉ አስፋልት እንዲሆን፣ በደረሱበትም የሚቀበልዎ እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የመምሪያዎ ሸራ ሰፊ፣ የሾፌርዎ ሚስት፣ የጭቅዬ እናት

ጨምሬ የማሳስብዎ፦ ጭቅዬ ለመጀመሪያው ልጇ የቤት ስም አዘጋጅታለት ነበር። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የነገራትን ታሪክ ስለምትወደው፣ ወንድ ከሆነ «ክሪኩ» ልትለው ነበር። ለአሁኑም ይሁነው ወይ ብላ በስልክ ጠየቀችኝ፤ እኔም የጎማው ነገር እስኪታወቅ ቆዪ አልኳት። እስከዚያው ስሙ በእኛ ዘንድ በደህና ተቀምጧል። አንድም ሕፃን አልተጠራበትም፤ ልክ ሻንጣዎ ውስጥ እንዳለው ጎማ፣ መሬት ሳይነካ፣ ከነላስቲኩ።